ደም በምስክርነት ሲጠየቅ

በዛሬው ንግግራችን ሐኪሞች የበሽታን ስም ከሰው ደም አስመስክረው ለማወቅ ስላደረጉት ጥረትና፥ ጥረቱ የጐንደርን አገር ሕዝብ እንዴት እንደ ነካው ጥቂት እናወሳለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንሰጠው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1699 ጐንደር ገብቶ ቀዳማዊ ኢያሱን ባከመ ጊዜ፥ የንጉሡ ሕመም በቆዳቸው ላይ የሚታይ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ በቍስቋም የፈንጣጣ በሽተኞችን ሲያክም፥ ፈንጣጣ ስሟን በፊት ላይ ጽፋ የምትመጣ ስለ ሆነች ሌላ ምስክር አላስፈለገውም። ጭንቁ ያለው በትኩሳት ላይ ነው። ከደምቢያ ሜዳ የመጣ ወባ የያዘው ገበሬ፥ የተስቦ በሽተኛ፥ ግርሻ የጣለው፥ ከመተማ ቈላ ካላዛር ይዞ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ፥ አራቱም በአንድ ደጅ ቢሰለፉ ሁሉም ሰውነቴ ነደደ፥ አቅም አጣሁ ይላሉ። አንዱን የሚያድነው መድኃኒት ግን ሌላውን አያድነውም። በቀድሞ ዘመን ሌባ ሻይ ጠጥቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር፤ ትኩሳትን ሁሉ በግምት ወባ የሚል ሐኪምም ፍርዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ደምን እንደ ምስክር ለመጠየቅ መንገድ የከፈተው ቤልጅጋዊው ዡል ቦርዴ ነው። ቦርዴ ከ1900 በፊት በፓሪስ በፓስተር ኢንስቲትዩት ሲሠራ፥ ተሕዋስያንን የሚገድል የደም ውሃ በ55 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ ኀይሉን እንደሚያጣ፥ ያልሞቀ የደም ውሃ ጥቂት ቢጨመርበት ግን ኀይሉ እንደሚመለስለት ተመለከተ። ይህ በሙቀት የሚጠፋ ነገር ኋላ ኮምፕሌመንት ተባለ፤ ማሟያ ማለት ነው። በ1901 ከኦክታቭ ዣንጉ ጋር ሆኖ ይህንኑ ማሟያ ለምርመራ የሚያውልበትን ዘዴ አወጣ። የኖቤል ሽልማትም የ1919 ተሰጠው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ኮምፕሌመንትን ለአንድ ቀን ብቻ እንደ ተቀጠረ ሠራተኛ ቍጠሩት፤ ጧት በአንዱ እርሻ ከዋለ ከሰዓት በኋላ በሌላው አይገኝም። የበሽተኛው የደም ውሃ አስቀድሞ ይሞቅና የራሱ ኮምፕሌመንት ይጠፋል። ከዚያ የተጠረጠረው በሽታ ተሕዋስ፥ ወይም ከእርሱ የወጣ ነገር፥ ይጨመርበታል፤ ጊኒ ፒግ ከምትባል ትንሽ እንስሳ የተወሰደ ኮምፕሌመንትም ተለክቶ ይገባል። በሽተኛው በዚያ በሽታ ተይዞ ከሆነ በደሙ ያሉት የመከላከያ ነገሮች ተሕዋሱን ይይዛሉ፥ ኮምፕሌመንቱም በዚያው ሥራ ላይ ያልቃል። በመጨረሻ የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት፥ ለመፍረስ የሚያዘጋጃቸው ከጥንቸል ደም የተገኘ ነገር ተደርጎባቸው፥ ይጨመራሉ። ኮምፕሌመንቱ ሥራ ፈትቶ ከቈየ የበጉ ሕዋሳት ፈርሰው ብልቃጡ ጠርቶ ይቀላል፤ ሰውየው ከዚያ በሽታ ነጻ ነው። ኮምፕሌመንቱ አልቆ ከሆነ ግን ሕዋሳቱ ሳይፈርሱ ከሥር ይዘቅጣሉ፥ ውሃውም ቀለም አልባ ይሆናል፤ በሽታው አለ ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ችሎት ቀዩ ነጻ ያወጣል፥ ነጩ ይፈርዳል።

በ1906 አውጉስት ፎን ቫሰርማን ከአልበርት ናይሰርና ከካርል ብሩክ ጋር ዘዴውን ለቂጥኝ ምርመራ አዋለው፥ ስሙም በዓለም ተሰማ። ብዙ ሳይቈይ ግን አንድ እንግዳ ነገር ታየ። ቫሰርማን ለፈተናው የተጠቀመው በቂጥኝ ከሞተ ጽንስ ጉበት የወጣ ነገር ነበር፤ ሌሎች ሲሞክሩት ከጤነኛ አካል የወጣም እኩል ሠራ። በ1941 ሜሪ ፓንግቦርን ከበሬ ልብ ለይታ ያወጣችው ስብ መሰል ነገር ምክንያቱን ገለጠው፤ ምስክሩ የሚናገረው ስለ ቂጥኝ ተሕዋስ ሳይሆን ስለዚህ ስብ ኖሯል። ይህን የመሰለ ምላሽ ደግሞ ወባም፥ ግርሻም፥ ሥጋ ደዌም ያስነሣሉ።

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። የውጭ አገር ተጓዦች የሐበሻ ሕዝብ አብዛኛው ቂጥኝ አለበት እያሉ ሲጽፉ ኖረዋል። በደምቢያ በወባ ሲሠቃይ የቈየ ሰው ደሙ እንዲህ ቢመረመር፥ ቂጥኝ ሳይነካው ቂጥኛም ሊባል ይችል ነበር። አንዲት ወረቀት ትዳር እንደምታፈርስ፥ ከሥራም እንደምታስወጣ በመሥሪያ ቤት የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ፥ በ1954 የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ የወጡት የጤና መኰንኖች፥ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች በየገጠሩ ሲሰማሩ የያዙት ማይክሮስኮፕ እንጂ የቦርዴን ብልቃጦች አልነበረም። ጊኒ ፒግና በግ ማርባት፥ ኮምፕሌመንትን በብርድ ማቈየት፥ ሁሉንም በየዕለቱ መለካት፥ ይህ ሁሉ የትልቅ ላቦራቶሪ ሥራ ነው። ለካላዛር የወጣው የኮምፕሌመንት ምርመራ ደግሞ የራሱ ጉድ ነበረበት፤ የሚጠቀመው ከሳንባ ነቀርሳ ወገን ከሆነ ባክቴሪያ በወጣ ነገር ስለ ነበር የነቀርሳ በሽተኛንም ሊያሳስት ይችል ነበር።

የስም መሳሳት ምን እንደሚያስከፍል የሊቦ ከምከም ሕዝብ አይቶታል። ይህ ወረዳ ከጐንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ደጋ ነው። ካላዛር ደግሞ የመተማና የሑመራ ቈላ በሽታ ተብሎ ይታወቅ ነበር፤ ሰሊጥ ለማጨድ የሚወርዱ ሠራተኞች ይዘውት እንደ ወጡ ይገመታል። ሰዎች ሲታመሙ፥ ጣፊያቸው ሲያብጥ፥ ሰውነታቸው ሲመነምን፥ ወባ ነው ተብሎ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ወባው መድኃኒት ለምዷል ተባለ፤ በሽታውን እንደገና የጠረጠረ ግን አልነበረም። እውነተኛ ስሙ የታወቀው በ2005 ነው። ያን ጊዜ የዋለው ምርመራ አንዲት ጠብታ ደም የሚበቃው፥ በደቂቃዎች ውስጥ የሚናገር የወረቀት ቍራጭ ነበር፤ በግም፥ ጥንቸልም፥ ጊኒ ፒግም አልፈለገም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ከ2,000 በላይ ሰዎች ታከሙ። ወባ እየተባሉ አስቀድመው የሞቱት አልተቈጠሩም።

ይህም ወረቀት ቢሆን ከመሳሳት ነጻ አይደለም። ከካላዛር የዳነ ሰው ደም ለዓመታት ያንኑ ምስክርነት ይሰጣልና፥ በሽታው ዳግመኛ መነሣቱን ከእርሱ ማወቅ አይቻልም፤ የኤች አይ ቪ ተሕዋስ ያለበት ሰው ደም ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ ኮሌጁ አድጎ በሆነው በዛሬው የጐንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፥ ጥርጣሬ ሲኖር ሐኪሙ ቀጭን መርፌ ወደ በሽተኛው ጣፊያ አስገብቶ ጥቂት ይቀዳና ተሕዋሱን ራሱን በማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ሊሽማንና ዶኖቫን በ1903 ስለዚሁ ተሕዋስ የጻፉት ከጣፊያ በተወሰደው ውስጥ አይተውት ነበር።