የሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት

እ.ኤ.አ. በ1901 ቻርልስ ዋልግሪን የተባለ አሜሪካዊ መድኃኒት ቀማሚ በቺካጎ ከተማ ተቀጥሮ ይሠራበት የነበረውን አነስተኛ መድኃኒት ቤት ገዛ። በ1916 መድኃኒት ቤቶቹ ዘጠኝ ደርሰው በአንድ ኩባንያ ተጠቃለሉ። የሥራው ዘዴ ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ለሁሉም በአንድነት መግዛት፣ አንዳንዱን መድኃኒት ራሱ ማዘጋጀትና በርካሽ መሸጥ ነው።

በኢትዮጵያ ታሪኩ በሌላ መንገድ ተጓዘ። ከጆርጂያ የመጡት ሐኪም ዶክተር ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1910 በአዲስ አበባ የከፈቱት መድኃኒት ቤት ከቀደምቶቹ አንዱ ቢሆንም ሰንሰለት አልሆነም። ብዙ መድኃኒት ቤቶችን በአንድ ስም ያሰባሰበው ቀማሚ ሳይሆን ማኅበር ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቋመ። በአዲስ አበባ የታወቁት መድኃኒት ቤቶች የሚጠሩበት «ከነማ» የዚሁ ስም ምሕፃረ ቃል ነው። ሥርዓቱ ቢለወጥም ስሙ ጸንቶ ቆይቷል።

ለቀረው አገር ሰንሰለቱን የዘረጋው መንግሥት ነው። በአዋጅ ቁጥር 553/1999 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቋመ። ተግባሩ መድኃኒትን በጅምላ ገዝቶ በቅርንጫፎቹ አማካይነት ለጤና ተቋማት ማድረስ፣ ከሽያጭ የተመለሰውንም ገንዘብ በተዘዋዋሪ ፈንድ ለቀጣዩ ግዥ ማዋል ነበር።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ የሚለካው ግን እንደ አማኑኤል ባለች ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአባይን በረሃ የተሻገረና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያመራ ጭነት አማኑኤልን አቋርጦ ያልፋል። ማለፍ ግን መድረስ አይደለም። በተዘረጋው የአቅርቦት ሥርዓት ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ የተጠቀሙትንና የቀራቸውን መድኃኒት ቆጥረው መጠየቂያ ይልካሉ። መድኃኒቱ ወደ ታች የሚወርደው ይህ ቁጥር ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ ወይም ከዘገየ፣ ከገጠር በእግሩ የመጣ በሽተኛ ማዘዣውን እንደያዘ ይመለሳል።

ዋልግሪን ከመደርደሪያው ጀርባ ስለ ቆመ የጎደለውን በዓይኑ ያይ ነበር። በሰፊ አገር ግን ያን ዓይን የሚተካው በመጨረሻው ቀለበት ላይ የተቀመጠው ባለሙያ በታማኝነት የሚሞላው ቅጽ ነው። መሥራች የሚባለው ስም ቢኖርም ባይኖርም፣ ሰንሰለቱ የሚጠብቀው በዚያ እጅ ነው።