የባሕር ማሽላ

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ የሚያመራው መንገድ የጌዶን ደጋ ለቆ ወደ እጃጂ ሲወርድ ገብሱና ስንዴው እየሳሳ በቆሎው ይበረክታል። በክረምቱ ማለቂያ ከሰል ላይ የሚጠበሰው እሸት፣ ከባቄላ ጋር የሚቀቀለው ንፍሮ፣ በቅቤ የሚበላው ማርቃ፣ ከጤፍ ጋር ተቦክቶ የሚጋገረው እንጀራ ለአገሬው ሰው ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው ማዕድ ነው። የእህሉ የትውልድ አገር ግን ሜክሲኮ ነው።

በባልሳስ ወንዝ ሸለቆ ከ9,000 ዓመታት ገደማ በፊት የሜክሲኮ ገበሬዎች ቴኦሲንቴ የተባለውን የዱር ሣር ዘሩን እየመረጡ በመዝራት በቆሎ አደረጉት። ከዚህም እህል ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ቶርቲላ የተባለ ቂጣ ተገኘ። ሴቶቹ በቆሎውን ከኖራ ጋር ቀቅለው ያሳድሩታል፤ አጥበው ገለፈቱን ያስለቅቁታል፤ በድንጋይ ወፍጮ ላይ በመጅ ይፈጩታል፤ ሊጡን በእጃቸው ጠፍጥፈው በሸክላ ምጣድ ይጋግሩታል። ወፍጮውም መጁም ምጣዱም ለኢትዮጵያዊት እናት እንግዳ አይደሉም። እንግዳው ኖራው ነው።

ኖራው በቆሎ ውስጥ ታስሮ የሚገኘውን ኒያሲን የተባለ ቪታሚን ይፈታል። እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ስፔኖች ዘሩን ወደ አውሮፓ ሲያሻግሩ ይህን ሙያ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ዘር ለመውሰድ መርከብ ይበቃል፤ ሙያ ለመውሰድ ግን ከወፍጮው አጠገብ ተቀምጦ ከሴቶቹ መማር ያሻ ነበር። ድል አድራጊ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከየት ያመጣል! ዕዳውን የከፈለው ድሀው ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ስፔንና በሰሜን ኢጣልያ በበቆሎ ብቻ ይኖሩ የነበሩ ጭሰኞች ፔላግራ በተባለው በሽታ ቆዳቸው ተሰነጣጠቀ፣ አእምሯቸው ታወከ።

ወደ ኢትዮጵያም እህሉ ያለ ኖራው ገባ። የመጣበትን አቅጣጫ አንዱ የአማርኛ ስሙ፣ «የባሕር ማሽላ» የሚለው፣ ይመሰክራል፤ ገበሬው እንግዳውን ቀድሞ በሚያውቀው እህል ስም ጠራው። ባለሙያዋም ቀድሞ ከምታውቀው ወጥ ጋር አቆራኘችው። ንፍሮው ከባቄላ ወይም ከቦሎቄ ጋር ይቀቀላል፤ እንጀራው በሽሮ ይበላል፤ በቆሎው የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላል። ይህን መላ የፈጠሩት እናቶች ስማቸው በየትም አልተመዘገበም። ሆኖም መላው የሚሠራው ሽሮው እስካለ ድረስ ነው፤ በክፉ ዘመን በበቆሎ ብቻ የሚያድር ቤት ከኢጣልያኑ ጭሰኛ አደጋ የራቀ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ አንድ አደባባይ በሜክሲኮ ስም ተሰይሟል፤ ያች አገር የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ነበረችና። በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ የፖለቲካውን ውለታ ያስታውስ ይሆናል፤ የማዕዱን ውለታ የሚያነሳ ግን እምብዛም አይገኝም።

መንገዱ ከእጃጂ አልፎ ባኮ ይደርሳል። በዚያ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 ቢ ኤች 660 የተባለውን ዲቃላ በቆሎ አወጣ፤ «ቢ» የባኮ፣ «ኤች» የዲቃላነቱ ምልክት ነው። በቆሎም እየተስፋፋ ሄዶ በምርት ብዛት ከአገሪቱ ሰብሎች የመጀመሪያውን ቦታ ያዘ። ዲቃላው ግን ከአዝመራው ተመርጦ እንደገና ቢዘራ ምርቱ ይቀንሳል። በመሆኑም የባልሳስ ገበሬ በእጁ ይመርጠው የነበረውን ዘር የእጃጂ ገበሬ በየዓመቱ በገንዘቡ ይገዛል።