ከጕድጓዱ በላይ የቀረ ሰው

ደራሲ ስለ ራሱ በግልጽ መናገር ሲያስቸግረው ሌላ ሰው ይፈጥርና በዚያ ሰው አፍ ይናገራል። ይህ ልማድ በሩቅ አገርም በእኛም አገር አለ።

ላቭክራፍት የሚባለው አሜሪካዊ የአስፈሪ ታሪክ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1919 አንድ ሕልም አየ። በሕልሙ ከወዳጁ ጋራ ወደ አሮጌ መቃብር ሄደ፤ ወዳጁ የስልክ ገመድ ይዞ ወደ ጕድጓዱ ወረደ፤ እርሱ ግን ከላይ ቀርቶ ድምፁን ብቻ ይሰማ ነበር። ሕልሙን ታሪክ አድርጎ ሲጽፈው በራሱ ፈንታ ራንዶልፍ ካርተር የሚባል ሰው አቆመ። ከዚያም በኋላ በሌሎች ታሪኮቹ ካርተርን ደጋግሞ አመጣው፤ የራሱን ፍርሃትና የልጅነቱን ናፍቆት በእርሱ አሸከመው። ካርተር በአስፈሪ አገር ሲንከራተት ላቭክራፍት በቤቱ በደኅና ይቀመጥ ነበር።

የእኛው በዓሉ ግርማ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ አላገኘም። በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ ወደ አሥመራ ሄዶ ነገሩን በዓይኑ አየ። በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» ውስጥም ፀጋዬ ኃይለ ማርያም የሚባል ጋዜጠኛ አቁሞ ያየውን ተናገረ። ፀጋዬን ያነበበ ሁሉ ከበስተኋላው በዓሉን አየው፤ ሹማምንቱም አዩት። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። የካርተር ፍርሃት የሕልም ነበረ፤ የፀጋዬ ፍርሃት ግን የፈጠረውን ሰው ደጃፍ ድረስ መጣ።

እኔ በዚያን ጊዜ ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። መጽሐፉን ከመርካቶ ገዝቼ ገና ሳልጨርሰው መታገዱን ሰማሁ። ሲመሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆሜ ገጽ በገጽ እየቀደድሁ ወደ ወንዙ ጣልሁት። ማንም አላየኝም። በዚያው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ጠጋ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ኦሮማይን አንብበውታል?» አለኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እውነት ተናገር እየተባልሁ ያደግሁት ሰው፥ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ አላውቅም» አልሁት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። የገጾቹን ነገር ረስቼዋለሁ፤ የዚያን ልጅ ፊት ግን አልረሳሁትም።

ልጆቼ ሆይ፥ ሁላችሁም ወደ ጕድጓዱ ውረዱ አልላችሁም፤ እኔም አልወረድሁምና። ነገር ግን ከላይ የቀረ ሰው የሰማውን ድምፅ አልሰማሁም አይበል።