የርዕደ መሬት መንጋ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 መጨረሻ የግሪኳ የእሳተ ገሞራ ደሴት ሳንቶሪኒ መንቀጥቀጥ ጀመረች። አንዱ ነውጥ ሳያባራ ሌላው እየተከተለ ሳምንታት አለፉ። ከ11,000 በላይ ሰዎች ደሴቲቱን ለቀው ወጡ። ከሁሉ የበረታው፣ በፌብሩዋሪ 10 የደረሰው፣ መጠኑ 5.3 ነበር። ሳይንቲስቶች እንዲህ ያለውን ክስተት «ስዋርም» ይሉታል፤ እኛ «የርዕደ መሬት መንጋ» ብንለው ይስማማል።

በዜና የለመድነው «ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ» የሚለውን ነው። ስሕተት የለበትም፤ ግን አይለይም። ከአንድ ትልቅ ነውጥ በኋላ እየደከሙ የሚመጡት ድኅረ ነውጦችም ተከታታይ ናቸው። እነሱ ግን አውራ አላቸው፤ ሁሉም የዚያ የትልቁ ተከታዮች ናቸው። መንጋ አውራ የለውም። እንደ አንበጣ መንጋ ብዛት እንጂ መሪ አይታይበትም።

በሳንቶሪኒ መንጋውን የቀሰቀሰው ቅልጥ አለት ነው። ከጥልቁ ተነሥቶ፣ ከደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ከባሕር ወለል በታች ዐለቱን እየሰነጠቀ ሄደ፤ ሳይፈነዳም እዚያው ቆመ። ተመራማሪዎች ከ25,000 በላይ ነውጦችን ለይተዋል።

«መንጋ» የሚለው ስም ለዝግጅትም ይጠቅማል። «ድኅረ ነውጥ» የሰማ ሰው ክፉው አለፈ ብሎ ይጽናናል፤ መንጋ ግን ይህን ማጽናኛ አይሰጥም። በ1956 በዚያው አካባቢ፣ በአሞርጎስ ደሴት አቅራቢያ፣ መጠኑ ከ7 በላይ የሆነ ነውጥ ደርሶ ሱናሚም አስነሥቶ ነበር፤ በአደጋው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህም በ2025 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ነዋሪው የመዋኛ ገንዳውን እንዲያጎድል፣ ከገደል ሥርና ከትንንሽ ወደቦች እንዲርቅ ተነገረው። በደሴት ለሚኖር ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፦ ቁም ሣጥንህን ከግድግዳ ጋር እሰር፤ መሬት ሲናወጥ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብተህ ራስህን ሸፍን፤ ባሕር ዳር ሳለህ ነውጡ ከበረታ ወይም ከረዘመ፣ እንዳቆመ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሳትጠብቅ ወደ ከፍታ ውጣ።

በእነዚያው ወራት በአገራችን በፈንታሌና በዶፈን አካባቢም ቅልጥ አለት ምድርን ሲሰነጥቅ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሥተዋል። ቃሉ ለእኛም ያስፈልገናል። የአንበጣ መንጋ የሚያውቅ ገበሬ የፊተኛው ስላለፈ እህሌ ተረፈ አይልም፤ ሰማዩ እስኪጠራ ይጠብቃል።