የሽፋን ሰብል በአቃቂ ቃሊቲ የአበባ መደቦች

የሽፋን ሰብል ምርቱ እንዲሰበሰብ ሳይሆን አፈሩን እንዲሸፍንና እንዲያለማ የሚዘራ ተክል ሲሆን፣ ሳይደርቅ ታጭዶ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ አረንጓዴ ማዳበሪያ ይባላል። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው በአቃቂ ቃሊቲ ሜዳማ ስፍራዎች ለጌጥ ተክሎች የሚሰጠው ጥቅም ከሁሉ በላይ ከአፈሩ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው።

የሜዳው ዋነኛ አፈር መረሬ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ቨርቲሶል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ለሥር አየር ይነፍጋል፤ በበጋ ደግሞ ተኮማትሮ ሲሰነጠቅ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል። ካልሲየምና ማግኒዥየም ባያጥረውም ናይትሮጅንና ብስባሽ ይጎድለዋል። ስለዚህ ለጽጌረዳ መደብ የሚገዛ ዩሪያ ናይትሮጅኑን ቢተካም፣ ሸክላውን የሚያላላው ብስባሽ ከሌላ ምንጭ መምጣት አለበት።

የአካባቢው ገበሬ ጤፍና ስንዴን ከጥራጥሬ ጋር እያፈራረቀ ሲዘራ፣ ክረምቱ ሲወጣ አፈሩ በያዘው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ሲያበቅል የኖረ በመሆኑ፣ አትክልተኛው የሚያስፈልገውን እውቀት ከአጠገቡ ያገኛል። በጥራጥሬ ሥር እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ራይዞቢየም የተባሉ ባክቴሪያዎች የአየርን ናይትሮጅን ተክል ሊጠቀምበት ወደሚችል ቅርጽ ይለውጡታል፤ ነገር ግን ሰብሉ እስኪያፈራ ከተጠበቀ አብዛኛው ናይትሮጅን ከፍሬው ጋር ተለቅሞ ይሄዳል። አትክልተኛው ከገበሬው የሚለይበት ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው፦ በመስከረም መጀመሪያ የተዘራ ባቄላ፣ ጓያ ወይም ቬች የተባለው የመኖ ሐረግ አብዛኛው አበባ አውጥቶ እሸት ሳይዝ መታጨድ፣ ተከትክቶም ከላይኛው አፈር ጋር መደባለቅ ይኖርበታል። ቅሪቱ ሲበሰብስ ለጋ ሥርን ሊጎዳ ስለሚችል የአበባው ችግኝ ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ ቢተከል ይመረጣል። ገብስና አጃም አፈር ይሸፍናሉ፤ ሆኖም አገዳቸው ከጠነከረ በኋላ ከተቀበሩ በሚበሰብሱበት ጊዜ ናይትሮጅንን ለጊዜው ከአፈሩ ይሻማሉ።

በክረምት የሚዘራ ሰብል ግን ውሃ የሚቋቋም መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል በመረሬ ላይ ለመኖ ያጠናቸው የደጋ ማገጦች ለዚህ ይስማማሉ። ማዕከሉ ከአጋሮቹ ጋር ያስፋፋው፣ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ የሚያወጣ ማረሻም ለጓሮ ጥሩ አርአያ ነው፤ ውሃው ካልተንጣፈፈ የትኛውም የሽፋን ሰብል መረሬን ብቻውን አያሻሽልም።

በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚጠጣ መደብ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፤ ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጡ ከባድ ብረቶች በመበስበስ ስለማይጠፉ፣ በዚያ የበቀለ ማገጥ ወይም ቬች ለላም መኖ ሳይሰጥ እዚያው መደቡ ላይ መቅረት አለበት።