የግሪክ አፈ ታሪክ በቃላት ትምህርት

እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማሩ የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች አዳዲስ ቃላትን በጥንታዊ የግሪክ ተረቶች የማስተማር ዘዴ አለ። ደጋፊዎቹ አስቀድመው የሚጠቅሱት ከተረቶቹ የተወለዱትን ቃላት ነው፦ «ፓኒክ» ከአምላኩ ከፓን፣ «ታንታላይዝ» ውሃውና ፍሬው ከሚሸሹት ከታንታለስ። ይህ ግን የጥቅሙ ትንሹ ክፍል ነው። እንዲህ ያሉት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ትርጉማቸውም ሁልጊዜ ከተረቱ አይገኝም። «ሜንቶር» የሆሜር ኦዲሲ ገጸ ባሕርይ ቢሆንም፣ የዛሬውን የመካሪነት ትርጉም ይበልጥ ያስፋፋው የፈረንሳዊው ጸሐፊ የፌኔሎን እ.ኤ.አ. በ1699 የወጣ ድርሰት ነው።

ዋናው ጥቅም የሚገኘው ተረቱ በሚነገርበት ቋንቋ ውስጥ ነው። የትምህርት ተመራማሪዋ ኢዛቤል ቤክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ ቃላትን በሦስት እርከን ከፍለው፣ ትኩረቱ በየትምህርቱ ለሚደጋገሙት የሁለተኛው እርከን ቃላት እንዲሆን መክረዋል። ወደ ፀሐይ ተጠግቶ የበረረውን የኢካሮስን ውድቀት ለመተረክ ማስጠንቀቅ፣ ችላ ማለት፣ መዘዝ የሚሉ ቃላት የግድ ይመጣሉ፤ በሳይንስና በታሪክ መጻሕፍትም ተመልሰው ይገኛሉ። ስሞቹ ተማሪውን ያደናግራሉ የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ መፍትሔው ግን ስም ቀንሶ ተረቱን በቃል ማስቀደም ነው (የአማልክትን ዝርዝር ማስጠናት ከንቱ ድካም ነው)። የተማሪው የራሱ አገር ተረት ለምን አይሆንም ለሚሉም መልሱ ቀላል ነው፦ ይሁን፣ እንዲያውም ይቅደም። የግሪኩ ብልጫ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አንባቢው እንደሚያውቀው ቆጥረው ሳያብራሩ ማለፋቸው ብቻ ነው።