ከባሕረ ሐሳብ እስከ 12ኛ ክፍል ፈተና፦ ዓይነ ስውራንና የሒሳብ ምዘና



የልዩ ፍላጎት ትምህርት ታሪካችን ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። እኔ ግን ወደ ጎጃም የአብነት ጉባኤዎች መመለስን እመርጣለሁ። በዚያ ዓይነ ስውር ደቀ መዝሙር ከጓደኞቹ ጋር ቀጽሎ፣ ቅኔ ቆጥሮና ተቀኝቶ ለመምህርነት ይበቃ ነበር። ባሕረ ሐሳብን የሚማርም ቢሆን ሒሳብ ይቀርልህ አይባልም። የ2017 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7517 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ተቀንሶ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ 121፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29። ይህ ሁሉ በቃል የሚሠራ፣ በቃልም የሚጠየቅ ነው።

ዘመናዊው ፈተና የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኝ ውጤት ከ600 ሲያዝ የዓይነ ስውራኑ ከ500 ተይዟል፤ የጎደለው ሒሳብ ነው። ለርኅራኄ የታሰበ ይመስላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገጠር የመጣ ብሩህ ዓይነ ስውር ልጅ የተፈጥሮ ሳይንስ በር ገና ሳያንኳኳው ይዘጋበታል። መምህሩም የማይፈተነውን ልጅ ለማስተማር አይተጋም (ይህን ክፍል ውስጥ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል)። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የ1998ቱ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂም በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ሒሳቡ ግን እንደቀረ ነው።

አሜሪካዊው ዓይነ ስውር አብርሃም ኔሜትም ሒሳብ አይሆንህም ተብሎ ወደ ሥነ ልቦና ተመርቶ ነበር። እርሱ የቀረጸው የሒሳብ ብሬይል እ.ኤ.አ. በ1952 ታተመ።

ምዘናን ማስማማት ማለት የሚለካውን ሳይነኩ የሚለካበትን መንገድ መለወጥ ነው። ተማሪው ስለ ቀጥተኛ መስመር ተዳፋት የሚጠየቅ ከሆነ በሳንቃ ላይ ምስማር ተመትቶ፣ ሲባጎ ተወጥሮ በጣቱ ይዳስሰው። ተዳፋቱን ግን ራሱ ያስላ፤ መልሱን መንገር ማስማማት አይደለም። መስማት የተሳነው ተማሪ ችግር ደግሞ ሌላ ነው። «ከሁለት ኩንታል በቆሎ ሩቡ ቢሸጥ ስንት ኪሎ ይቀራል?» ተብሎ በጽሑፍ ቢጠየቅና ቢሳሳት፣ የከበደው ክፍልፋዩ ይሁን ዓረፍተ ነገሩ አይታወቅም። ያው ጥያቄ በምልክት ቋንቋ ሲቀርብለት ይለያል።